የታነቀ ቡአ፣ ከባድ የሆድ ኢንፌክሽንና ቀዶ ሕክምናቸው በጎጃም

ቡአ በሆድ ግድግዳ ክፍተት አንጀት ወይም ሞራ ወደ ውጭ ሲገፋ የሚወጣ እብጠት ነው። ብሽሽት ላይ፣ እምብርት ላይ ወይም በቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ ይታያል። የብሽሽቱ ከሁሉም የተለመደ ነው። በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት አንድ ወንድ በሕይወት ዘመኑ ለዚህ ሕመም ቀዶ ሕክምና የማድረግ ዕድሉ 27 በመቶ፣ የሴት ደግሞ 3 በመቶ መሆኑን አስልቷል። ክፍተቱ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሰፋ፣ ተሠርቶ ደጋግሞ የተመለሰ፣ ብዙ አንጀት ወጥቶ የቀረበት ወይም መግልና ሰገራ የነካው ቡአ ውስብስብ ይባላል።

ቡአ ለዓመታት ሳያም ሊኖር ይችላል። ሰውየው ሲተኛ ይገባል፣ ሲነሳና ሸክም ሲያነሳ ይወጣል። በይልማና ዴንሳ፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለ ገበሬ ከክረምቱ አረምና ከኅዳሩ አጨዳ ላይ ቀን ቆርሶ ለማያመው እብጠት ሆስፒታል ቢሄድ ማሳው ማንንም አይጠብቅለትም። ስለዚህ «አዝመራው ይግባ» ይላል፤ ይህን እንደ ቸልተኝነት መቁጠር ተገቢ አይደለም። አደጋው የሚመጣው እብጠቱ ጠንክሮ አልገባ ሲል ነው። ሕመሙ ይበረታል፣ ትውከት ይከተላል፣ ፈስና ሰገራ ይቆማል። አንጀቱ ታንቆ ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ሲበሳም ሰገራው ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ሲገባ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊት ይደክማል። የታነቀ ቡአ በእጅ ተገፍቶ፣ ታሽቶ ወይም ተተኩሶ አይድንም፤ የሞተን አንጀት ወደ ሆድ መመለስ ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል።

ወደ ተመሳሳይ ሁኔታ የሚያደርሱ ሌሎች መንስኤዎችም አሉ። ዘግይቶ የፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ የተበሳ የጨጓራ ቁስል፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በብዛት የሚታየው የአንጀት መጠማዘዝ ይጠቀሳሉ።

ለሕክምናው መዘግየት ርቀትም ምክንያት ነው። የይልማና ዴንሳ ዋና ከተማ አዴት ከባሕር ዳር 42 ኪሎ ሜትር ርቃ በሞጣው መንገድ ላይ ትገኛለች። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያሉት በአዲስ አበባው ዋና መንገድ ነው። በአገሪቱ አሠራር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ወዳሉት የባሕር ዳር ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ይልካል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ጤና ሚኒስቴር የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ግን፣ የታነቀ ቡአን መፍታትና ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ማዋለድ ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታልም ይቻል ጀምሯል። በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ማድረስ በራሱ ሰዓታት ይፈጃል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የቀጠለው ውጊያ መንገድ በዘጋ ቁጥር 42 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይደረስበት ርቀት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ሪፈር ከመጻፉ በፊት የሚሠራው ሥራ የበሽተኛውን ዕጣ ይወስናል፤ እንደ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት ያለ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት፣ እንደ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ያሉ አንቲባዮቲክ መድኃኒቶችን ወዲያው መጀመር፣ በአፍንጫ ቱቦ ጨጓራን ባዶ ማድረግ፣ የሽንት መጠንን መከታተል።

በቀዶ ሕክምናው ቅድሚያ የሚሰጠው የኢንፌክሽኑን ምንጭ ማጥፋት ነው። የሞተው አንጀት ይቆረጣል፣ ሆድ ዕቃው ይታጠባል። በሽተኛው በጣም ከደከመ ደግሞ ሁለቱን የአንጀት ጫፎች ወዲያው ከመግጠም ይልቅ አንዱን በሆድ ቆዳ በኩል አውጥቶ ሰገራ በከረጢት እንዲወጣ ማድረግ ሊመረጥ ይችላል። ሆዱ አብጦ አልዘጋ ካለ በጊዜያዊ ሽፋን ይቆያል። ኮሎምቢያዊው ሐኪም ኦስዋልዶ ቦራኤዝ በ1984 እ.ኤ.አ. የግሉኮስ ፕላስቲክን ቀድዶ የሸፈነበት ዘዴ ርካሽ በመሆኑ በብዙ አገር ሠርቷል። በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ሥጋን እያበሰበሰ በፍጥነት በሚዛመተው ፉርኒየር ጋንግሪንም ሕጉ ያው ነው፤ የሞተውን ሥጋ እስከ ጤናማው ድረስ መቁረጥ፣ በማግስቱ ተመልሶ ማየት፣ ካስፈለገ ደግሞ መቁረጥ። መድኃኒት ብቻውን ይህን አይተካም። ምንጩ በሚገባ ከጠፋ ደግሞ መድኃኒቱን ማራዘም ጥቅም የለውም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የ518 ሕሙማን ጥናት አራት ቀን ገደማ መስጠት ከስምንት ቀን ያላነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

የሆድ ግድግዳውን በሚገባ መጠገን የሌላ ቀን ሥራ ነው። በመግል ውስጥ ክፍተቱን የሚደግፍ ሰው ሠራሽ መረብ ማኖር መረቡን ራሱን የኢንፌክሽን መኖሪያ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ በሽተኛው ቁስሉ ድኖ፣ ሰውነቱ አገግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ቆይቶ ይመለሳል። ለሰፊ ክፍተት ሐኪሞች የሆድ ጡንቻ ንጣፎችን አላቅቀው ወደ መሐል ያቀርባሉ፤ ይህን በ1990 እ.ኤ.አ. ኦስካር ራሚሬዝና ባልደረቦቹ ገልጸውታል። አንጀት ለረጅም ጊዜ ውጭ የኖረበትን ሆድ ደግሞ አርጀንቲናዊው ኢቫን ጎኚ ሞሬኖ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ለተከታታይ ቀናት አየር እየሞላ ያሰፋው ነበር። ሆድ ሳይሰፋ አንጀት በግድ ቢመለስ ሳንባን ይጫናል፣ መተንፈስን ያውካል።

ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀረው ቡአውን ሳይታነቅ መሥራት ነው። በምሥራቅ ኡጋንዳ በ302 ወንዶች ላይ የተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ተዘጋጅቶ የመከነ የአጎበር ጨርቅ ከውዱ የፋብሪካ መረብ ጋር ሲነጻጸር ከዓመት በኋላ ጉልህ ልዩነት እንዳልነበረው አረጋግጧል፤ ቀዶ ሕክምናውም የተሠራው ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነው። በፀረ ተባይ የተነከረ የቤት አጎበር ግን ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም። የቀዶ ቁስል ኢንፌክሽንንም መቀነስ ይቻላል፤ በኢትዮጵያ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት በአምስት ሆስፒታሎች ባካሄደው «ክሊን ከት» መርሐ ግብር የእጅና የቆዳ ንጽሕናን፣ የመሣሪያ ማምከንንና የአንቲባዮቲክ ሰዓትን በማጥበቅ ኢንፌክሽኑን በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ለገበሬው ከአዝመራ በኋላ ባሉት ወራት የቀጠሮ ቀን ቆርጦ መስጠት፣ ከቀዶው በኋላም ለሳምንታት ከባድ ሸክም እንዳያነሳና ሞፈር እንዳይጨብጥ ከቤተሰቡ ጋር መመካከር የዚሁ ሕክምና አካል ነው።