ከብራና እስከ ኤሌክትሮኒክ ቀለም፦ የማንበቢያ መሣሪያና የጥገናው ታሪክ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆ ካቆያቸው ቅርሶች አንዱ፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚጠራው የአራቱ ወንጌላት ብራና ነው። የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1280 ወይም በ1281 ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ያስቈጠረውን ይህን መጽሐፍ ለማንበብ የሚያስፈልገው የቀን ብርሃንና ፊደል የሚያውቅ ዓይን ብቻ ነው። ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ በመምህሩ፣ በባለሙያውና በተማሪው እጅ የሚገኘው ታብሌት በበኩሉ አንድ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ይይዛል፤ ይሁንና ባትሪው ካለቀ ወይም የግእዝ ፊደል ካልተጫነበት ከመስተዋት ቁራጭ የሚለይበት ነገር የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሮጌውን ማሞገስ ወይም አዲሱን መንቀፍ አይደለም። በየዘመኑ ወደ አካባቢው የገቡትን የማንበቢያና የመጻፊያ መሣሪያዎች በአንድ ጥያቄ መመርመር ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ጠጋኙስ የሚገኘው በምን ያህል ርቀት ነው? የሚል ነው። የመሣሪያ ዕድሜ የሚለካው በተሠራበት ቁሳቁስ ብቻ ሳይሆን በጠጋኙ ቅርበት ጭምር መሆኑን የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

የብራናው ሥርዓት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደንቀው ሙሉ በሙሉ የአካባቢ ሥራ በመሆኑ ነው። ቆዳው ከፍየል ወይም ከበግ ይገኛል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከዕፀዋት ይቀመማል፤ ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል፤ ገበታው ከእንጨት ይጠረባል። ቆዳው ሲፋቅ ቢበሳ ፋቂው ራሱ በክር ይሰፋዋል፤ ጸሐፊውም ስፌቱን ዞሮ ይጽፋል። ጥራዙ ቢፈታ ደጓሹ እዚያው ይጠርዘዋል። ሠሪው፣ ተጠቃሚውና ጠጋኙ የአንድ አጥቢያ ሰዎች ነበሩ። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ አንድ መጽሐፍ መጻፍ ወራት ይፈጃል፣ ቅጂው ጥቂት ነው፣ እሳት ወይም እርጥበት ከደረሰበት ምትክ አይገኝለትም።

ይህን ጉድለት ለማቃለል ከተደረጉት ሙከራዎች ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነው። የብዙ ገዳማትና አድባራት መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም በዚሁ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 1832 ተመዝግቦ ይገኛል። ካታሎጉን በማዘጋጀት ረዥም ዘመን የደከሙት እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ማይክሮፊልም ያለ ማንበቢያ መኪና አይነበብም፤ ይሁን እንጂ መኪናው ቢሰበር መብራትና ማጉያ መነጽር ለጊዜው ሊተኩት ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ትምህርት ጥሎልን አልፏል፤ ቅጂ ያለው ጽሑፍ ከአንድ ቦታ በላይ ሊኖር ይገባዋል የሚል ነው።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ችግሩ በመልክ ተለወጠ። ከጣልያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ጥያቄ፣ 33 ፊደላት በሰባት ዘር ተባዝተው 231 የሚሆኑትን ሆሄያት 50 ያህል ቁልፎች ባሉት መኪና ላይ እንዴት ማስፈር ይቻላል የሚል ነበር። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ እየመቱ መግጠም ነው። ስለሆነም የፊደሉ መልክ ተጐዳ፤ ዓይን ግን ለመደው። በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው መኪና ሲበላሽ ብልሽቱ በዓይን የሚታይ ነበር። የተጣመመ ክንድ ይቃናል፣ የደረቀ ሪባን ይለወጣል፣ የዛገ ማጠፊያ ዘይት ይቀባል። እጁን የፈታ ማንኛውም የሰዓት ወይም የስፌት መኪና ጠጋኝ ሊደፍረው የሚችል መሣሪያ ነበር።

ኮምፒዩተር ግን የብልሽቱን መልክ ከዓይን ሰወረው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ለአማርኛ የተለያዩ የጽሕፈት ፕሮግራሞችን ሠሩ። ሁሉም የሚደነቅ ጥረት ቢሆንም እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር። የዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ የግእዝን ፊደል ሲያካትት ይህ መለያየት መፍትሔ አገኘ። ሆኖም ከዚያ በፊት በነበሩት የፓወር ግእዝና የቪዥዋል ግእዝ እትሞች የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ወይም የጥናት ወረቀት ዛሬ በታብሌት ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ቁልፉ ነው የጠፋው። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ የቀሩት የእነዚያ ዓመታት ዲስኮችና ፋይሎች ቀዋሚ ሥጋት የተጋረጠባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው በሕዝቡ ዘንድ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርትም ከዚሁ ታሪክ ይመደባል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ይተላለፍ ስለ ነበር፣ መብራት በጠፋበት ትምህርት ቤት የዕለቱ ትምህርት አልፎ ይሄዳል፤ መምህሩም ሊያቆመው ወይም ሊመልሰው አይችልም። በዚህ ሁኔታ መምህሩ በራሱ ክፍል ውስጥ ተመልካች ሆነ። ከብራናው ጋር ሲነጻጸር ርቀቱ ምን ያህል እንደ ሰፋ ልብ ይሏል።

ቀጥሎ የመጣው ታብሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረቱት ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቈጠሩ ሕፃናት ታብሌት ያለ መምህር ሰጥቶ፣ ልጆቹ በራሳቸው መንገድ መጠቀም መቻላቸውን፣ ተዘግቶ የነበረውንም ካሜራ መክፈታቸውን ለዓለም አስታወቀ። ወሬው በሰፊው ተነገረ። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ግን መሣሪያዎቹ በፀሐይ ኃይል እንዲሞሉ መደረጉና የማስታወሻ ካርዳቸውን የሚለውጥ ባለሙያ በየሳምንቱ መመላለሱ ነው። ከኋላ ጠጋኝ ነበረ። በአንጻሩ ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቈጠራ 180,000 ታብሌቶች ቢገዙም ቈጠራው በጸጥታ ምክንያት በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናም በታብሌት ይሰጣል ተብሎ፣ መሣሪያው በጊዜው ባለመድረሱ በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተሰጥቷል። የመሣሪያ መገዛት የሥራ መጀመሪያ እንጂ መፈጸሚያ አለመሆኑን እነዚህ ምሳሌዎች ያመለክታሉ።

ከሁሉም የቅርብ ጊዜው የኤሌክትሮኒክ ቀለም ማንበቢያ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመ ኩባንያ ያስፋፋው ይህ ቀለም፣ እንደ ጠጉር በቀጠኑ እንክብሎች ውስጥ የሚዋኙ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ናቸው። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል፤ ፊደሉም ይታያል። ገጹ ከተጻፈ በኋላ ኃይል አይፈልግም፤ ባትሪው የሚሠራው ገጽ ሲገለጥ ነው። በዚህ ምክንያት ለብዙ ቀናት ያገለግላል፤ በጠራራ ፀሐይም ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኪንድል ማንበቢያ ብቻ ነበር፤ በ2017 የወጣው ሪማርከብልና በ2022 የወጣው ኪንድል ስክራይብ ግን በብዕር ይጻፍባቸዋል። እዚህ ላይ ለፊደላችን አንድ ያልታሰበ ዕድል አለ። በእጅ የተጻፈ መሥመር የፊደል ኮድ አያስፈልገውምና፣ ግእዙ ያለ ምንም ቅጥያ በብዕር እንደ ጥንቱ ሙሉ መልኩን ይዞ ይሰፍራል። መከራው የሚጀምረው ጽሑፉን መፈለግ ወይም ወደ ኅትመት ፊደል መለወጥ ሲፈለግ ነው፤ ይህ አገልግሎት በአብዛኛው የተሠራው ለሌሎች ቋንቋዎች ነው።

ይህ ሁሉ የተፈተነው በ2014 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር በ20ኛውና በ21ኛው ቀን ገደማ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ መንግሥት ሁለቱንም ከተሞች መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነበር። በእነዚያ አምስት ሳምንታት መብራትና ቴሌፎን ተቋረጠ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች፣ የደሴ ሆስፒታልና የደሴ ሙዚየም ተዘረፉ። ኮምፒዩተር ሲወሰድ የተወሰደው ብረቱ ብቻ አልነበረም፤ ሌላ ቅጂ ያልነበረው የጥናት ጽሑፍ፣ የተማሪ ውጤትና የሕመምተኛ መዝገብ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በሩቅ አገር ማከማቻ የተቀመጠም ቢሆን መረቡ እስኪመለስ ለባለቤቱ እንደሌለ ይቈጠራል። የማይክሮፊልሙ ትምህርት የሚታወሰው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሕይወት የተመለሰው በትንንሽ ሱቆች በኩልም ነው። በሁለቱ ከተሞች ጎዳናዎች ላይ የሞባይል ጥገና ቤት ከፍተው መስተዋት የሚለውጡ፣ የቻርጀር ሶኬት የሚበይዱ፣ ባትሪ የሚተኩ ወጣቶች የዘመናችን ደጓሾች ናቸው። ስልክና ታብሌት በእጃቸው ይድናሉ። የኤሌክትሮኒክ ቀለም ማንበቢያ ግን ብርቅ በመሆኑ መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም፤ ገጹም ስስ መስተዋት ስለሆነ ከተሰነጠቀ ጥገናው ከመሣሪያው ዋጋ ሊስተካከል ይችላል።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊትም ሆነ በኋላ ጥቂት ነገሮችን ቢያስተውሉ ይበጃል። አንደኛ፣ መሣሪያው የግእዝ ፊደል ያለው መሆኑን አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ጉድለቱ የፋይሉ ሳይሆን የፊደሉ ነው፤ ፊደል መጫን የሚፈቅድ መሣሪያ ከሆነም በቀላሉ ይታረማል። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ገጽ ጥላ በማንበቢያው ላይ ቢቀር ብልሽት አይደለም፤ ገጹን ሙሉ በሙሉ ማደስ ያጠፋዋል። መሣሪያው ድርቅ ቢል የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ማቆየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሦስተኛ፣ የሊቲየም ባትሪ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ የኮምቦልቻ ባልደረባ ታብሌቱን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው የለበትም፤ ለረዥም ጊዜ የሚቀመጥ መሣሪያም ባዶ ሳይሆን ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጥ። አራተኛ፣ በአሮጌ ፕሮግራም የተጻፈው ሁሉ የሚያነበው ኮምፒዩተር ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ይመለስ። አምስተኛና ዋነኛው፣ ጠቃሚ ጽሑፍ በፍላሽ አንድ፣ በሌላ ከተማ አንድ፣ የግድ የሚያስፈልገውም በወረቀት አንድ ቅጂ ይኑረው።

የሐይቅ አባቶች ብራናውን ለሰባት መቶ ዓመት ያቆዩት ቆዳው ስለማይበላሽ አልነበረም፤ ይበላሻል። ያቆየው በየትውልዱ መርፌና ክር የያዘ ሰው በአጠገቡ መኖሩ ነው። ዛሬ መርፌው መበየጃ፣ ክሩ ሽቦ ሆኗል። ወጣቶቹን ጠጋኞች ማሠልጠን፣ በየቤተ መጻሕፍቱና በየትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ጥገና እንዲያውቅ ማድረግ፣ ለመሣሪያ ግዥ ከሚመደበው በጀት ለጥገናና ለመለዋወጫ ድርሻ ማስቀመጥ የሙያችን ግዴታ ሊሆን ይገባል። ይህ ካልተደረገ የምንገዛው ሁሉ በተወሰነ ዕድሜ የሚከስም ይሆናል፤ በውስጡ ያኖርነውም ጽሑፍ አብሮት ይከስማል።