መርካቶ፤ ባዕድ ስም የያዘው ገበያችን

በኢጣልያ አገር፣ በአብሩዞ ተራሮች መካከል፣ ላኩይላ የምትባል ከተማ አለች። የስሟም ትርጓሜ «ንስር» ማለት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የተቆረቆረችው በዙሪያዋ ካሉት መንደሮች ተሰባስበው በመጡ ሰዎች ሲሆን፣ የየመንደሩ ሰው በከተማይቱ ውስጥ የራሱን ሠፈር፣ የራሱን ቤተ ክርስቲያንና የራሱን አደባባይ አበጀ። በመካከሏ በሚገኘው በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት ገበያ ሲቆም ኖረ። ኢጣልያኖች እንዲህ ያለውን አደባባይ ፒያሳ፣ ገበያውን መርካቶ ይሉታል። ሁለቱንም ቃላት የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ወደ እኛ የመጡበት መንገድ ግን የሚያስደስት አይደለም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የእርሷም ገበያ እንደ ላኩይላ በቤተ ክርስቲያን ጥግ ነበር፤ ይኸውም የአራዳው ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬውና ሲራራ ነጋዴው አህያና በቅሎ እየነዱ ይመጡ ነበር። ማር፣ ቅቤ፣ ቡና፣ አሞሌ ጨውና ሸማ ይሸጥበታል፤ በዙሪያውም የህንድ፣ የዓረብ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቆች ነበሩ። ገበያውን የሚያስተዳድረውና ቀረጥ የሚያስከፍለው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር።

የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ፣ ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ የሕንፃ ሊቃውንት አዲስ ፕላን አወጡ። የፕላኑ ዋና አሳብ ነጭና ጥቁር በአንድ ሠፈር እንዳይኖሩ መለየት ነበር። ካዛንችስና ፖፖላሬ ለኢጣልያውያን የተሠሩ ሠፈሮች ናቸው። አራዳም ለእነርሱ ሆነና ስሙ ፒያሳ ተባለ፤ ያገሬው ሰው ግን ከነገበያው ወደ ምዕራብ ሂድ ተባለ። በዚያም መንገዱ ቀጥ ቀጥ ብሎ ተቀየሰለት፤ ዛሬም የመርካቶን ጎዳናዎች ያየ ሰው በመስመር የተሠመሩ መሆናቸውን ያስተውላል። አዲሱን ገበያ መርካቶ ኢንዲጄኖ አሉት፤ «የተወላጆች ገበያ» ማለት ነው። በአገራቸው ገበያን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያቆሙ ሰዎች፣ የእኛን ገበያ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አስነሡት። ይህ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን ነገር ነው።

ነገር ግን ፕላን ያወጣው ሌላ፣ ገበያውን ያቀናው ሌላ ነው። ከጉራጌ አገር በእግሩ የመጣው ልጅ ሸክም ተሸክሞ፣ ጫማ ጠርጎ፣ መርፌና ክር በጉልት ሸጦ፣ ውሎ አድሮ ባለሱቅ ሆነ። ከሌላውም አገር የመጣው ሰው እንዲሁ ሥፍራውን ያዘ። ላኩይላ በየመንደሩ ሰው እንደ ተከፈለች፣ መርካቶም በየተራው ተከፈለ፤ ስሙንም ያወጣው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ጎጃም በረንዳ፣ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ። ምን አለሽ ተራ ሌላው የጣለው ብረትና በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ የሚሆንበት ነው። (የመዶሻውን ድምፅ ለመስማት ሩቅ መሄድ አያሻም።)

ሁለቱም ሥፍራዎች ጉዳት ደርሶባቸዋል። ላኩይላን መጋቢት 28 ቀን 2001 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ መትቷት ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ጥንታዊው መካከለኛ ክፍሏም ፈራረሰ። በመርካቶም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ በኩል እሳት ተነሥቶ ብዙ ሱቆች ከነዕቃቸው ተቃጠሉ። እሳት የሚያጠፉት መኪናዎች በጠባቡ መንገድ መግባት እንዴት እንደሚቸግራቸው ሠፈሩን ለምናውቅ ግልጽ ነው። ለዚህ መላ መፈለግ ስለ ስሙ ከመከራከር ይቀድማል።

ስለ ስሙም ቢሆን፣ የጠላት ቃል ነውና ይለወጥ ለሚል ሰው መልስ አለን። መንግሥት ሠፈሩን አዲስ ከተማ ብሎታል፤ መልካም ስም ነው። ሕዝቡ ግን ከሁለቱ የኢጣልያ ቃላት መካከል ለመለየት የተጨመረውን ኢንዲጄኖ የሚለውን ጥሎ፣ ገበያ ማለት የሆነውን ብቻ አስቀረ። ዛሬም የታክሲ ረዳቱ የሚጣራው በዚያው ነው።