የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበርና የመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ሕጎች

የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተ ሲሆን በኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ የሠራተኛ ማኅበራትን የሚያውቅ ዝርዝር ሕግ በአገሪቱ አልነበረም፤ ሕጉ የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አመጣጥ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም በዚሁ ሳቢያ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የባቡሩ ዋና የጥገና ቦታ ድሬዳዋ ስለነበር ብዙ ደመወዝተኛ በአንድ ከተማ ተሰበሰበ። ኢትዮጵያ ከ1936 እስከ 1941 ከነበረው የጣሊያን ወረራ በስተቀር በባዕድ አልተገዛችም። ሆኖም ሕዝቡ «ሸመንደፈር» የሚለው ይህ ድርጅት በፈረንሳይ ኩባንያ እጅ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት እኩል ድርሻ ያገኘው በ1959 በተደረገ ስምምነት ነው።

ከሕጉ በፊት

በ1944 የወጣው የፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 ያተኮረው በሠራተኞች ጤንነትና ደኅንነት ላይ ነበር። የ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሥራ ሲባል ማኅበር የማቋቋምን መብት ቢጠቅስም አፈጻጸሙን ለሌላ ሕግ ተወው። በዚህ ምክንያት በወንጂ ስኳር ፋብሪካና በሌሎችም ቦታዎች ሠራተኞች የተሰባሰቡት በዕድርና በመረዳጃ ማኅበር ስም ነው።

የ1962 እና የ1963 ሕጎች

የሠራተኛ ማኅበራት ሕጋዊ እውቅና ያገኙት በ1962 በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 49 ነው። በሚያዝያ 1963 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አበራ ገሙ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 አጸደቀች፤ ድንጋጌውም አዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ ጸና።

አዋጁ የኅብረት ስምምነትን ቢፈቅድም ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 50 ሠራተኞች እንዲኖሩ ይጠይቅ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞችም በአዋጁ አይሸፈኑም ነበር። ስለዚህ እንደ ምድር ባቡር ያለ ትልቅ ድርጅት ሠራተኞች ሲደራጁ፣ በአነስተኛ ጋራዥ ወይም በሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራው በድርጅቱ ውስጥ የራሱን ማኅበር ማቋቋም አይችልም ነበር።

በኋላ

ደርግ በ1975 የአንድነት ማኅበሩን አፈረሰ፤ በ1977 በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ማኅበር ለመመሥረት 10 ሠራተኞች ይበቃሉ። የመንግሥትና የቤት ሠራተኞች ግን አሁንም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው።