ስፔን ለመድረስ በከምባታ በኩል

በ1613 እ.ኤ.አ. ዐፄ ሱስንዮስ ለስፔኑ ንጉሥ ለሣልሳዊ ፊሊፕና ለሮሙ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለጳውሎስ አምስተኛ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤዎቹን የያዘው ጓድ ከጎጃም ተነሥቶ የሄደው ግን ወደ ደቡብ ነበር። መሪዎቹ ኢትዮጵያዊው መልእክተኛ ፍቁረ እግዚእና ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ናቸው። ዓባይን ተሻግረው በእናርያ፣ በየምና በከምባታ አድርገው እስከ ሀላባ ዘለቁ። ማድሪድም ሮምም አልደረሱም፤ ሆኖም ስለ ከምባታ ምድር በአውሮፓውያን ከተጻፉት ቀደምት የዓይን ምስክርነቶች አንዱ የተገኘው በዚህ ጉዞ ነው።

ስፔን ለመሄድ ፊትን ወደ ደቡብ ማዞር ዛሬ ለሚያነበው ሰው ግራ ያጋባል። ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ስለነበረች በቀይ ባሕር የሚያልፍ መልእክተኛ መያዙን አስቦ መነሣት ነበረበት። ስለዚህ የታሰበው የደቡቡን ምድር አቋርጦ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያለችውን ማሊንዲን ማግኘት፣ ከዚያ በፖርቱጋል መርከብ ሕንድ ጎዋ መድረስ፣ ቀጥሎም አፍሪካን በስተደቡብ ዞሮ አውሮፓ መግባት ነበር። ከ1580 እስከ 1640 ስፔንና ፖርቱጋል በአንድ ንጉሥ ሥር ስለነበሩ፣ በጎዋ ወደብ የሚቆመው የፖርቱጋል መርከብ የስፔኑ ንጉሥም መርከብ ነበር።

ግንኙነቱ በሱስንዮስ ዘመን አልተጀመረም። ዐፄ ይስሐቅ የላኳቸው መልእክተኞች በ1427 ቫሌንሲያ ደርሰው የአራጎንን ንጉሥ አምስተኛ አልፎንሶን አነጋግረዋል። አልፎንሶም በምላሹ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችን ላከ፤ ሰዎቹ ግን በመንገድ አልቀው ኢትዮጵያ ሳይገቡ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ትልቁን እርምጃ የወሰዱት የሀዲያዋ ልጅ ንግሥት እሌኒ ናቸው። የሀዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ሆነው ለዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የተዳሩት እሌኒ፣ ከንጉሡ ሞት በኋላም ለአሥርት ዓመታት የቤተ መንግሥቱ ዋና አማካሪ ሆነው ቆይተዋል። በ1509 ገደማ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ አስይዘው ላኩ። ማቴዎስ ሊዝበን የገባው በ1514 ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞችም በ1520 ምጽዋ ወረዱ። ኢትዮጵያን ከፖርቱጋል ጋር ያገናኘችው ሀዲያ የወለደቻት ሴት ሆና ሳለ፣ ወደ ሀዲያዋ ከተማ ወደ ሆሳዕና የሚሄድ እንግዳ ስለ እሌኒ እምብዛም ሳይሰማ መመለሱ ያስቆጫል።

ሀዲያ ራሷ በዚያ ዘመን ስሟ የገነነ አገር ነበረች። በ14ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ዓረቡ አል ዑመሪ በኢትዮጵያ ምድር ከነበሩት ሰባት የእስልምና መንግሥታት አንዷ አድርጎ ይቆጥራታል፤ አርባ ሺህ ፈረሰኛ እንደምታሰልፍና በገበያዋ ብረት እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልም ጽፏል። አል ዑመሪ ግን ካይሮ ተቀምጦ ከሰው የሰማውን የመዘገበ ሰው ነው፤ የሠራዊቱ ቁጥርም በዚሁ ልክ መታየት አለበት።

በወሬ መጻፍና ኖሮ መጻፍ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከሁሉ በላይ የሚያሳዩት ሁለት ስፔናውያን ናቸው። አንደኛው ልዊስ ደ ኡሬታ የተባለው የቫሌንሲያ የዶሚኒካን መነኩሴ ነው። ኡሬታ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በ1610 ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ አምባ ግሸን ምድራዊ ገነት ሆኗል፤ በአናቱም በዓለም አቻ የሌለው የመጻሕፍት ቤት ተሠርቶለታል። ሁለተኛው በ1564 ከማድሪድ ብዙም በማትርቅ ኦልሜዳ በምትባል መንደር የተወለደው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በዓረብ ባሕር ዳርቻ ተይዞ ሰባት ዓመት ያህል በየመን በምርኮ ቆየ። በዚያው በምርኮው ቡና ቀምሷል፤ ስለ ቡና ከጻፉ ቀደምት አውሮፓውያን አንዱ የሆነውም ለዚህ ነው። በ1603 ምጽዋ ገብቶ በትግራይ ፍሬሞና ተቀመጠ። አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ የአገሩን መጻሕፍትና ዜና መዋዕሎች አነበበ፤ ከነገሥታቱ ጋር ተጓዘ፤ ሚያዝያ 1618 ላይ የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን አየ። ለኡሬታ ተረት መልስ እንዲሆንም የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጻፈ። በ1622 ጎርጎራ ላይ ሲሞት በኢትዮጵያ 19 ዓመት ኖሮ ነበር። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የገባው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቢሆንም፣ የታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬም ያገላብጡታል። የኡሬታን የሚያነሣው ግን ተረቱን ለማየት የፈለገ ብቻ ነው።

ፈርናንዴዝ የፓኤዝ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ የደቡቡን ጉዞ ያደረገውም እሱ ነው። የእናርያው ገዥ በኔሮ እንግዶቹን በክብር ቢቀበልም በልቡ ሥጋት ገባው፤ ዛሬ ካህን የመራው መንገድ ነገ ጠመንጃ የያዘ ፖርቱጋላዊ ያስገባል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ወደ አስቸጋሪው የምሥራቅ መንገድ አዞራቸው። የም ሲደርሱም ንጉሡ በራሱ ሥርዓት ተጠምዶ ስለነበር ለቀናት ጠብቀው ነው የታዩት።

ከየም ወደ ከምባታ ለማለፍ ጊቤን መሻገር ነበረባቸው። ድልድይም ጀልባም አልነበረም። ላም አረዱ፤ ቆዳውን እንደ አቁማዳ አድርገው ጓዛቸውን ከተቱበት፤ በትንፋሽ ነፍተው አፉን አጥብቀው ቋጠሩት። በግራና በቀኝ አጣና አሰሩለት፤ ተሻጋሪዎቹም ክብደቱ እንዳያጋድል ተመዛዝነው በአጣናው ላይ ተንጠለጠሉ። አንድ ዋናተኛ ከፊት በገመድ ይጎትታል፤ ሌሎች ከኋላ እየዋኙ ይገፋሉ። ለስፔን ንጉሥ የተጻፈ ደብዳቤ በከብት ቆዳ ላይ ተጭኖ ጊቤን ተሻገረ ማለት ነው። ይህን ዘዴ ያመጡት እንግዶቹ አልነበሩም፤ ወንዙን ሲሻገሩበት የኖሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ከምባታን ያኔ የሚያስተዳድረው ሐመልማል ነበር። እንግዶቹን ተቀበላቸው፤ ሊረዳቸውም ፈለገ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች የፈረንጅ ጦር ሊያመጡ ነው የሚለው ወሬ እዚህም ደርሶ ነበርና ጉዟቸው ተጓተተ። ከከምባታ ቀጥሎ ሀላባ ነው። የሀላባው ሙስሊም ገዥ አሊኮ ያዛቸው፤ ለቀናት ካሰራቸው በኋላም ሳይገድላቸው ወደ መጡበት እንዲመለሱ ፈረደ። ጓዱ በ1614 ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሰ። አሊኮ በአውሮፓውያን መጻሕፍት ክፉ ሰው ሆኖ ተሥሏል። በእሱ ቦታ ሆኖ ላሰበው ግን ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ፖርቱጋሎች በዚያ ዘመን የምሥራቅ አፍሪካን የወደብ ከተሞች በመድፍ ደብድበው እንደያዙ በባሕሩ ዳርቻ ሁሉ የታወቀ ነበር።

ከፓኤዝ ሞት በኋላ የሆነው ደግሞ የአገር ባህል ሳያውቁ ማዘዝ ምን እንደሚያስከትል ያሳያል። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ እንደገና እንዲባረኩ፣ የቆየው ጾምና በዓል እንዲለወጥ አዘዘ። አገሩ በዐመፅ ተናጠ። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ፓኤዝም ሃይማኖት ሊያስለውጥ የመጣ ሰው ነበር፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። ልዩነቱ እሱ አስቀድሞ ለመማር መቀመጡ ነው።

መንገደኛ እግረ መንገዱን የሚያየውና ሰንብቶ የሚያየው እንደማይገናኝ በሀዲያና በከምባታ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በእንሰት ነው። ከመኪና መስኮት ሲታይ ጓሮ የሞላ አረንጓዴ ኮባ ነው። እናቶች ጋር ቁጭ ያለ ሰው ግን ሥራውን ያያል፤ ግንዱ በቀርከሃ ይፋቃል፣ የተፋቀው ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይብላላል፣ ከተጨመቀው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ዱቄት ቡላ ይሆናል፣ የተብላላው ቆጮ ይሆናል፣ ቃጫውም ለገመድ ይተርፋል። ተክሉ ድርቅን ስለሚቋቋምና በማንኛውም ወቅት ስለሚቆረጥ ብዙ ሰው በጠባብ መሬት ላይ አኑሯል። ከፓኤዝ በኋላ የመጣው ማኑኤል ደ አልሜዳም ስለ እንሰት ምግብነት ጽፏል።

ለእንግዳ ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ መስከረም አጋማሽ ነው። ሀዲያ ዘመን የሚለወጥበትን በዓል ያሆዴ ይለዋል፤ ከምባታ መሳላ ይለዋል። ሁለቱም ከመስቀል ጋር ይገጥማሉ፤ በዋዜማው ችቦ ይለኮሳል፣ ልጆች እየዘፈኑ በየደጁ ይዞራሉ፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ የተጣላም ይታረቃል። በዓሉ ግን በአንድ ቀን የሚሠራ አይደለም። ወንዶቹ በሬ የሚገዙበትን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ቱታ በሚባለው ማኅበር ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ዊጆ በሚባለው ማኅበራቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ። ያ ቅቤ ነው በበዓሉ ቀን ከቡላ ጋር ተሠርቶ አተካና ሆኖ የሚቀርበው። አተካና በማንኪያ ቀምሰው የሚተዉት ምግብ አይደለም፤ ቅቤው ከላይ ቀልጦ ተኝቶበት ትኩሱን ነው የሚበላው፣ አስተናጋጇም ሳህኑ ሲጎድል ዝም ብላ አታይም። በሆሳዕና ሆቴሎች ዓመቱን ሙሉ ይገኝ ይሆናል፤ የቱታና የዊጆ ትርጉም የሚገባው ግን በሰው ቤት ለተጋበዘ ነው።

ከከምባታዋ ከተማ ከዱራሜ በላይ የሚታየው የሀምበሪቾ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። የከምባታ ሽማግሌዎች የሕዝባቸውን አመጣጥ ሲተርኩ በዚህ ተራራ ላይ ከሰፈሩት ሰባት ጎሳዎች ይጀምራሉ። በቅርብ ዓመታት 777 ደረጃዎች ተሠርተውለት ወጣቶችና ጎብኚዎች ይወጡታል። የሀዲያው ቦዮ ሐይቅ ደግሞ ወፍ ለሚወድ ሰው ከሆሳዕና ለአንድ ቀን መውጣት የሚበቃ ምክንያት ነው።

ፍቁረ እግዚእና ፈርናንዴዝ ሊዘልቁት ያልቻሉት የደቡብ መንገድ ዛሬ የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች መንገድ ሆኗል። በኬንያ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚወርዱት ብዙዎች ናቸው፤ በመንገድ የሚታሰሩትና የሚቀሩትም አሉ። የሆሳዕናን ፎቆች ያቆመው ገንዘብ ከፊሉ ከዚያ የተላከ ነው። በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም ያለው ልጅ አቅሙ ከፈቀደ ለመስቀል አገሩ ይገባል።

ስለዚህ በበዓሉ ሰሞን ወደ አካባቢው ለመጓዝ ያሰበ ሰው ቀደም ብሎ ይዘጋጅ። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በመስከረም 15 እና 16 ግን መናኸሪያው ስለሚጨናነቅ ከዚያ በፊት መነሣት ይሻላል፤ አልጋም አስቀድሞ መያዝ አለበት። በዓሉን በስታዲየም ብቻ አይቶ ከመመለስ ይልቅ በአካባቢው የሚያውቁትን ሰው ቤት መጠየቅ ይበጃል። እንግዳ ነኝ ላለ ሰው በመስቀል ሰሞን በር የሚዘጋ ቤት በዚያ አገር አይገኝም።