ቪው፣ ፈንክሽንና ፕሮሲጀር (በመረጃ ቋት)

የኤስኪውኤል ሥራን በስም አስቀምጦ ደጋግሞ ለመጥራት የሚያገለግሉ ሦስት መንገዶች ናቸው። ቪው ስም የተሰጠው መጠይቅ ነው፤ የራሱ መረጃ ስለሌለው በተጠራ ቁጥር ከሠንጠረዦቹ ያነባል። ስለዚህ ዘገምተኛ መጠይቅን ቪው ማድረግ ብቻውን አያፈጥነውም። ማቴሪያላይዝድ ቪው ውጤቱን ስለሚያከማች ፈጣን ነው፤ ካልታደሰ ግን የቆየ ቁጥር ያሳያል፤ ይህ ለጤና ሪፖርት አደገኛ ነው።

በአገራችን ጥሩው ምሳሌ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመነጨው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ነው። የሚሠራው በፖስትግሬስኪውኤል የመረጃ ቋት ላይ ነው። ኤስኪውኤልን በስም ለማስቀመጥ ቪው፣ ማቴሪያላይዝድ ቪውና መጠይቅ የሚሉ አማራጮች አሉት፤ ተለዋዋጭ እሴት የሚቀበለው መጠይቁ ብቻ ነው። በእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ በመካነ ኢየሱስ የሚሠራ የመረጃ ባለሙያ የጤና ኬላዎችን ዝርዝር ብቻ ከፈለገ ቪው ይበቃዋል። «የሐምሌን የክትባት ሪፖርት ያላስገቡት የትኞቹ ናቸው?» ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የሚፈለገው የሌለ መዝገብ ስለሆነ ወሩ በውስጠኛው ንጽጽር ውስጥ መግባት አለበት፤ ቪውን ከውጭ ማጣራት ያስቸግራል። እዚህ ላይ ወሩን ተቀብሎ ሠንጠረዥ የሚመልስ ፈንክሽን ይመረጣል፤ ውጤቱም ከሌላ ሠንጠረዥ ጋር ይጣመራል።

ሦስተኛው መንገድ፣ ፕሮሲጀር፣ ወደ ፖስትግሬስኪውኤል የገባው በ11ኛው እትም፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። በመሃል ኮሚት ማድረግ (ለውጡን ማጽናት) ስለሚችል ይበልጥ የሚስማማው መረጃን በጅምላ ለማስተካከል ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር በተባለው ሌላ የመረጃ ቋት ደግሞ ፕሮሲጀር ውጤትን በቀጥታ ይመልሳል፤ ሆኖም በሴሌክት ውስጥ እንደ ሠንጠረዥ ሊጠራ አይችልም።