ፊደሉ ገባ፤ ዐረፍተ ነገሩስ?

ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት ወረታ የትውልድ ከተማዬ ናት። ባለፈው ክረምት በፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። በዚያን ጊዜ ማሳቸውን የሚያስመዘግቡበት የድረ ገጽ ቅጽ በልጃቸው ስልክ ላይ ተከፈተ። ቅጹ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይሠራል። አክስቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ስለሆኑ ስልኩን ተቀብለው ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ። «ስምህን አስገባ» ይላል። ቀና ብለው አዩኝና «ይኸስ አንተን ነው» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ባለጉዳይዋ እሳቸው ሆነው ሳለ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ይህ ጽሑፍ ከዚህ ገጠመኝ ተነሥቶ አንድ ነገር ለማሳየት ይሞክራል። የእኛ ቋንቋዎች ወደ ማሽን የገቡበት ታሪክ እስካሁን የፊደል ታሪክ ሆኖ ተጽፏል፤ የሚቀረው የዐረፍተ ነገሩ ታሪክ ነው።

የፊደሉን ታሪክ ባጭሩ እናስታውስ። የግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የተቀረጸው ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን ባሳተመ ጊዜ ነው። ኋላ ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን በጽሕፈት መኪና ለማስጻፍ ደከሙ። የላቲኑ መኪና ለጥቂት ፊደላት የተሠራ ስለነበረ፣ የእኛን ፊደል እናት ቅርጽና ቅጥያ አድርጎ ከፍሎ ማስጻፍ ግድ ሆነ። ፊደሉ ይቀነስ የሚለውም ክርክር ከዚህ ችግር ብርታት አገኘ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ቀየረ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ፎንቶች የግእዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። ይትና ፍርድ ይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደሉን በላቲን ፊደላት ወክሎ የሚያስተላልፈውን «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ያዘጋጁት በዚያ ዘመን ነው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ፊደሉን ቀንሱ የሚል ማሽን የለም።

የብዙ ቋንቋ ጉዳይም ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ሁሉም የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነበር። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ከአማርኛ ጋር አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ሲወስን ግን የጽሕፈቱ ሁኔታ ተለውጦ ነበር። ሁለቱ በግእዝ፣ ሦስቱ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። አምስቱን የሚያስተናግድ መተግበሪያ ሁለቱንም አጻጻፍ መቻል አለበት። በዩኒኮድ ዘመን ይህ ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው ዐረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ያስባል፤ ከዚያ ቆራርጦ ለተርጓሚ ይሰጣል። ተርጓሚው «ከ» የምትለዋን ለብቻዋ፣ የቦታውን ስም ለብቻው ይተረጉማል። ማሽኑ ሁለቱን ሲያጋጥም «ከ ወረታ» ይላል፤ አማርኛ ግን «ከወረታ» ነው እንጂ ሁለት ቃል አይደለም። ግሡ በመጨረሻ መምጣቱ ቀርቶ መካከል ላይ ይሰነቀራል። «የቤተሰብ ስም» ይጠየቃል፤ አገሩ የሚያውቀው የአባትንና የአያትን ስም ነው። «በ8 ሰዓት ይምጡ» የሚል መልእክት ጧት ይሁን ከምሳ በኋላ አይለይም፤ የወረታ ገበሬ ግን 8 ሰዓት ሲባል የሚያውቀው የከሰዓቱን ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የትእዛዝ ግሥ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ የሆነው ቃል በአማርኛ «አስገባ»፣ «አስገቢ»፣ «ያስገቡ» ብሎ ሦስት ይሆናል። ስለዚህ ተርጓሚው ባያስበውም ገጹ ማንን እንደሚያናግር መርጧል ማለት ነው። በእኛ አገር አንቱ የሚባሉ አዛውንት ፊት «አስገባ» ብሎ የተጻፈ ገጽ ሰውየውን አላየም። መፍትሔው ከቋንቋው ከራሱ ይገኛል። አንዱ «ስምዎን ያስገቡ» ማለት ነው። ሌላው ትእዛዙን ትቶ «ስም»፣ «መላኪያ»፣ «ማስቀመጫ» ማለት ነው፤ ስም ጾታም ማዕረግም አይመርጥምና። ዐረፍተ ነገሩም ሳይቆረጥ፣ ለተለዋዋጩ ቃል ቦታ ተትቶለት፣ ሙሉውን ለተርጓሚው ይሰጥ።

በእኔ አስተያየት ይህ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ጥፋት ብቻ አይደለም። ስለ መደብና ስለ አክብሮት የምናስተምረው እኛ ነን። ነገር ግን ተማሪዎቻችንን ለእርማት ወደ ልብ ወለድ እንጂ ወደ ቅጽ አንልክም። ሕዝብ በየቀኑ የሚያነበው አማርኛ ደግሞ ከልብ ወለዱ ይልቅ የቅጹ እየሆነ ሄዷል።

አክስቴ ስልኩን የሰጡኝ ማንበብ ተስኗቸው አልነበረም፤ ይልቁንም በሚገባ ስላነበቡ ነው። «ስምህን» የሚለው ቃል እሳቸውን እንዳልጠራ ዐውቀው ለተጠራው ሰው አስተላለፉት። ፊደል የቆጠሩት ግን በራሳቸው ጉዳይ ሌላ ሰው እንዳይገባባቸው ነበር።