ፀሐይዋ ስንት ናት?

ተረት ተረት ብዬ አልጀምርም፤ እናንተም «የላም በረት» አትበሉኝ። ይህ የሆነ ነገር ነው። የሆነውም ከጎንደር ወጥታችሁ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርጋችሁ ደባርቅ በምትገቡበት በዚህ ነፋሻ መንገድና ከወዲያ ከተራራው ጀርባ ነው። ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ደባርቅ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

ልጆች ሳለን የኔታ ከደጅ አስቀምጠውን ፀሐይቱን በመቋሚያቸው እያመለከቱ ይጠይቁን ነበር። «ስንት ናት?» ይላሉ። «አንድ!» እንላለን። «ክበቧስ? ብርሃኗስ? ሙቀቷስ?» እዚህ ላይ ምላሳችን ይተሳሰራል። ያን ጊዜ እሳቸው ቀስ ብለው ይፈቱታል፤ ክበቧ የአብ ምሳሌ፣ ብርሃኗ የወልድ፣ ሙቀቷ የመንፈስ ቅዱስ። ክበቧ ያለ ብርሃኗ፣ ብርሃኗም ያለ ሙቀቷ የዋለበት ቀን የለም፤ ፀሐይቱ ግን አንዲት ናት። በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት፤ በባሕርይ፣ በህልውና፣ በመለኮት አንድ። ይችን ይዘን አደግን። ከመካከላችን አንዱ ቀበጥ «የኔታ፣ ደመና ሲሆንስ?» ብሎ መቋሚያው ትከሻው ላይ አርፏል።

ይች የፀሐይ ምሳሌ ታዲያ እንዲህ በሰላም እጃችን የገባች አይደለችም። በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ሊቃውንቱ በእሷው ተጣልተውባታል። ዘሚካኤላውያን የሚባሉት «ፀሐይ አንድ ናት፤ የእግዚአብሔርም መልክ ይህን ይመስላል ተብሎ አይነገርም» አሉ። ንጉሡ ደግሞ ራሳቸው መጽሐፍ የሚጽፉ፣ ነገር የሚያውቁ ሰው ነበሩና «የለም፤ ሦስቱም ለየራሳቸው ፍጹም መልክ አላቸው፤ ሦስት ፀሐይ፣ አንድ ብርሃን ነው» በሚለው ላይ ቆሙ። ንጉሥ ከቆመበት አንጻር ቆሞ መከራከር ምን እንደሚያስከትል አትጠይቁኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ዘሚካኤላውያን ተወገዙ። ዛሬ አንዷን ፀሐይ ለሕፃን የሚያስቆጥረው ግን ያው የቤተ ክርስቲያኑ መምህር ነው። ይችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እስከዚያው ወደ ሰፈራችን። በዚህ በወገራና በስሜን ተራራ ሥላሴን የሚሉ ብቻ አልነበሩም። «እግዚአብሔር አንድ ነው» ብለው እዚያው ላይ የሚያቆሙ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ቤተ እስራኤል። ከዘርዐ ያዕቆብ ትንሽ ቀደም ብሎ ዐፄ ይስሐቅ መጥተው በወገራ፣ ኮሶጌ ላይ ወጓቸው። ከድሉ በኋላ የወጣውን አዋጅ ትውፊቱ እንዲህ ያስታውሰዋል፤ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ርስት የለውም። አያችሁ? የአንድና የሦስት ነገር ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ እርሻ ላይ ወረደ። ርስት ያጣው ሰው ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሚስቱ ሸክላ ሠራች። እኛ በእሱ ማረሻ አረስን፣ በእሷ ምጣድ ጋገርን፣ ማታ ማታ ደግሞ ቡዳ አልናቸው። የስሜን ተራራ ግን እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጌዴዎን ከሚባሉ ነገሥታቶቻቸው ጋር ይዟቸው ቆየ። እሳቸው ናቸው ያን ምሽግ የሰበሩት። ያው ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኑና ሕዝባቸው አልቀበልም ቢላቸው እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

ካቶሊክ ያደረጓቸው ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑ፣ ተባረሩ፤ ጥያቄያቸው ግን እዚሁ ቀረ። ነገሩ እንዲህ ነው። ክርስቶስ ማለት የተቀባ ማለት ነው። ማን ቀባው? በምን ቀባው? አምላክ ከሆነስ መቀባት ምን ጨመረለት? ሦስቱ በአንዱ ላይ ምን ሠሩ ማለት ነው እንግዲህ። በጎጃም የበረቱት «በመንፈስ ቅዱስ ቅባት የባሕርይ ልጅ ሆነ» አሉ፤ ቅባቶች ተባሉ። በጎንደርና በሸዋ የበረቱት «ከአብ አንድ፣ ከድንግል ሁለት፣ በመንፈስ ቅዱስ ሦስት» ብለው ልደቱን ሦስት አደረጉት፤ ጸጋዎች፣ ሦስት ልደቶች ተባሉ። በትግራይ የበረቱት «ተዋሕዶው ራሱ ይበቃል፤ ወልድ ራሱ ቅብዕ ነው፤ ልደቱም ሁለት ነው» አሉ። ሦስተኛውን ልደት ቆረጡት ተብለው ካራ የሚል ስም ወጣላቸው። ጎንደር ከመቶ ዓመት በላይ ስትከራከር ኖረች። ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር ሃይማኖቱ አብሮ ይለወጣል፤ የዛሬው መናፍቅ የነገው ሊቅ ይሆናል።

አሁን በዚህ ክርክር መካከል ወደ ገባ አንድ ሰው ልምጣላችሁ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የስሜን ልጅ ናቸው። ትግራይንም ከደጃዝማች ሰባጋድስ ሞት በኋላ ያዙ። ከተከዜ ወዲህና ወዲያ አንድ ጌታ ሆኑ ማለት ነው። የጎደላቸው ዘውድ ነበር። ዘውድ ደግሞ ያለ ጳጳስ አይደፋም፤ አገሩም ያለ ጳጳስ አሥር ዓመት ግድም ቆይቷል። ስለዚህ ውቤ ወርቁን ቆጥረው መልእክተኛ ወደ ካይሮ ሰደዱ። እዚህ ላይ ልሳቅ። መልእክተኞቹን ይዞ የሄደው ማን መሰላችሁ? የካቶሊኩ ሚስዮናዊ ያዕቆብ፣ ፈረንጆቹ ደ ያቆቢስ የሚሉት! የመጣው ጳጳስ በኋላ እሱኑ አሳስሮ ከአገር ያስወጣል። የሚመጣውን ቢያውቅ ኖሮ በቅሎውን ከመንገድ ይመልስ ነበር።

የመጡት አቡነ ሰላማ ናቸው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ግብፃዊ፤ በካይሮ የእንግሊዝ ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት የተማሩ፤ ግትር። ከመጡ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1834 ዓ.ም. ውቤ አቡኑን ይዘው በጎንደሩ እንደራሴ በራስ አሊ ላይ ዘመቱና ደብረ ታቦር ላይ አሸነፉ። አዎ፣ አሸነፉ! ራስ አሊ ሸሹ። የስሜን ጦር ድንኳን ገብቶ ጠጁን ያዘው። በዚያው በስካሩ ላይ የአሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ድል አድራጊውን ከነድሉ ማረከው። ውቤ ተማረኩ፤ አቡኑም አብረው ተያዙ። ብዙ ሰው ውቤን በሃይማኖት ይመዝናቸዋል፤ እኔ ግን ዘውዱን ያስቀራቸው ያ ብርሌ ነው እላለሁ። በአቡኑ አማላጅነትና በካሳ ክፍያ ተፈቱና ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አቡነ ሰላማ ጎንደር ተቀመጡ። እንደተቀመጡም «ሦስት ልደት የሚል የተወገዘ ነው» አሉ። እጨጌ ማሕፀንቱ ደግሞ የሦስት ልደቱ ወገን አለቃ ነበሩ። ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር አልሄድ አለ። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ሦስት ልደትን በአገራቸው አውጀው ስለነበር አቡኑ አወገዟቸው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1846 አቡኑ ከጎንደር ተባረሩና ወደ ውቤ አገር ሄዱ። እንግዲህ ይህን የነገር ድር ተከተሉ፤ ጎንደር ጳጳሱን ስታባርር ዘውድ የመድፋቱን ሥልጣን ወደ ስሜንና ወደ ትግራይ ጌታ ማባረሯ ነበር።

ውቤም ይህን አውቀዋል። ከቧሂት ወዲያ፣ በዛሬው ጃናሞራ፣ ደረስጌ ላይ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በቤታቸው የነበሩ ጀርመናውያን በሥራው እጃቸው አለበት፤ ግድግዳው በሥዕል ተሞላ። የሚነግሱባት ቦታ ናት ይባላል። ሁሉ ተሰናድቷል። የቀረው ቀን መቁረጥ ነው።

የቋራው ካሣ ግን ቀን እስኪቆረጥ አልጠበቀም። ራስ አሊን ድል ካደረገ በኋላ፣ በውቤ ላይ ጦር ከመምዘዙ በፊት ያደረገው ነገር አለ። አቡነ ሰላማን ወደ ራሱ ሳበ። አቡኑ የፈለጉት ሁለት ነገር ነው፤ ካቶሊኮቹ ይውጡ፣ የሃይማኖቱ ክርክር በእኔ ቃል ይዘጋ። ካሣ ሁለቱንም ሰጠ። ያዕቆብ ጎንደር ላይ ታስሮ ከአገር ወጣ። አምባ ጫራ ላይም ሊቃውንቱ ተሰብስበው ሦስት ልደት በአዋጅ ተከለከለ። የሁለት መቶ ዓመት ክርክር ነው በአንድ የጦር ሰፈር አዋጅ የቆመው። ሃይማኖቱ ይህ ነው ብዬ ልፈርድ የኔ ቦታ አይደለም፤ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ የተማርኩትም ያንኑ ነው። አሸናፊውን የለየው ግን ሐተታው ነው የሚለኝ ካለ፣ ያችን የካሣን ስምምነት ደግሞ ይያት።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ስሜን ወጣ። ደረስጌ ላይ ገጠሙ። ውቤ ቆስለው ተማረኩ። ድግሱ ተሰናድቷል፣ ቤተ ክርስቲያኗ ተሥላለች፣ ጳጳሱ አለ፤ ቀናት እንኳ ሳያልፉ አቡነ ሰላማ በውቤ ደረስጌ ማርያም ውስጥ ዘውዱን በካሣ ራስ ላይ ደፉት። ስሙም ቴዎድሮስ ተባለ። ወርቅ ከፍለው ጳጳሱን ያስመጡት ውቤ በሰንሰለት ነበሩ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ በኋላ ለዚሁ ንጉሥ ሚስት ሆነች፤ አለማየሁንም ወለደች።

አዋጁ የክርስቲያኖቹን አፍ ዘጋ። ጎረቤቶቹስ? «አንድ ነው» ያሉት? የነሱም ተራ ደረሰ። በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሄንሪ ስተርንና ፍላድ የሚባሉ ሚስዮናውያን ወደ ቤተ እስራኤል ሊሰብኩ መጡ። አቡነ ሰላማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የሚያምን ሁሉ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ። ጥቂቶች ተጠመቁ። ከዘመዶቻቸው ጋር ነገሩ ከረረና እ.ኤ.አ. በ1862 ክርክሩ ከዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ደረሰ። አንድ አምላክ ወይስ ሥላሴ?

እስቲ ያን ችሎት በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት። በሁለቱም ወገን ያለው መጽሐፍ አንድ ነው፤ ያው ግእዙ ኦሪት። አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ሁሉም አማርኛ ይናገራል። ክርስቲያኑ በእንዲህ ያለ ክርክር «ሰውን በመልካችን እንፍጠር ያለው ለማን ነው?» ይላል፤ በአብርሃም ድንኳን የገቡትን ሦስት እንግዶች ይጠራል። ቤተ እስራኤሉ «እስራኤል ሆይ ስማ» ከሚለው የሙሴ ቃል ፈቅ አይልም፤ ጌታ አንድ ነው፣ ሌላ መቁጠር የለም። እውነቴን ልንገራችሁ፣ ጎንደር በልደት ቁጥር ስትባላ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሥር ያለውን ጥያቄ፣ አንዱ እንዴት ሦስት ይሆናል የሚለውን፣ ፊት ለፊት የጠየቁት እነዚህ አንጥረኞች ናቸው። ትውፊታቸው እንደሚለው ሃይማኖታቸውን ሳይለቁ ከንጉሡ ፊት ወጡ። ክርክሩ በጽሑፍ ስለቀረ ወልፍ ሌስላው የሚባለው የሴም ቋንቋዎች ምሁር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሳትሞታል። ፈልጎ ማንበብ ነው።

በዚያው ዓመት አባ ማኅሪ የሚባል መነኩሴያቸው ሕዝቡን አስነስቶ ወደ ቀይ ባሕር መራ። እንደ ሙሴ ባሕሩ ይከፈላል ብለው ነው። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ጨረሳቸው፤ የተረፉት ተመለሱ።

የቀረውን ላሳጥርላችሁ። የቴዎድሮስ አዋጅ ከቴዎድሮስ ጋር ላላ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው፣ ምኒልክም ባሉበት፣ ሁለት ልደት ጸና። እምቢ ያሉት ምላሳቸው ተቆረጠ ይባላል። በዘመናችን ደግሞ ከጴንጤዎቹ መካከል «ኢየሱስ ብቻ» የሚባሉት ተነሥተው፣ ጥምቀት በሦስቱ ስም ሳይሆን በኢየሱስ ስም ብቻ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ምላስ የሚቆርጥ ጠፍቶ በዩቲዩብ ሆኗል።

ውቤና አቡነ ሰላማስ? ቴዎድሮስ ከአቡኑም ጋር ተጣሉ። አስመጪውም የመጣውም፣ ሁለቱም የመቅደላ እስረኞች ሆነው በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ሞቱ። ቤተ እስራኤሎቹም በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ።

ፀሐይዋን እመለስባታለሁ ብያችሁ ነበር። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሥላሴን አይታችሁ እንደሆነ፣ ሦስት ሽበታም አረጋውያን ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ መልካቸው አንድ፣ ልብሳቸው አንድ፣ አራቱ እንስሳ በአራት ማዕዘን ናቸው። መምህሮቻችን አንዷን ፀሐይ ያዙ፤ ሠዓሊዎቻችን ግን ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር የቀሩ ይመስለኛል። ደረስጌን ማየት ለሚሻ፣ መንገዱ ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ቧሂትን ይሻገርና ወደ መካነ ብርሃን ይወርዳል። ክረምት አትሂዱ፤ ጭቃው አያሳልፍም። ካህናቱን ስታገኙም ገና ጫማችሁን ሳታወልቁ ስለ ካሣና ስለ ውቤ አትጠይቁ፤ መጀመሪያ ተሳለሙ።